የሰማ ላልሰማ፦ በሰው እጅ የሚዞር ማስታወቂያ

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚካሄድ ቫይራል የማስታወቂያ ዘመቻ ከሌላው ማስታወቂያ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ አሰራጩ ራሱ ሰሚው ነው። የሬዲዮ ማስታወቂያ ባለቤቱ ለጣቢያው በሰከንድ ከፍሎ፣ ሰሚው ወደደም ጠላም፣ በዜናና በሙዚቃ መሐል ይገባል። ክፍያው ሲያልቅ ድምፁም ይጠፋል። ቫይራል ዘመቻ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ሰዎች ካገኘ በኋላ ባለቤቱ የማይከፍልበት ጉዞ ይጀምራል። ያየው ሰው ለወንድሙ፣ ወንድሙ ለሥራ ባልደረባው፣ ባልደረባው ደግሞ አምስት መቶ ሰው ላለበት የቴሌግራም ግሩፕ ያሻግረዋል። አሳታፊ ዘመቻ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ተመልካቹ ከማየት አልፎ አንድ ነገር እንዲያደርግ ይጠይቀዋል፦ ፎቶ እንዲልክ፣ ድምፅ እንዲሰጥ፣ ስሙን እንዲጽፍ፣ ጓደኛውን እንዲጠራ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ሰው እጁን ያስገባበትን ነገር ለሌላው ማሳየት ይወዳልና።

ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር፣ ነጋሪው መልእክቱን ካሰማ በኋላ የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ ያዝዝ ነበር። የገበያው ቀን የተመረጠው በዘፈቀደ አልነበረም፤ ከየመንደሩ የመጣው ገበያተኛ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቃሉንም ይዞ ይገባል። አንድ ነጋሪት መቺ በሳምንት ሊያዳርሳቸው የማይችላቸው መንደሮች በአንድ ሌሊት ይሰማሉ። የዛሬው ዘመቻ ነዳፊ የሚለፋበት ጥያቄም ይኸው ነው። በእጁ የንጉሥ ትእዛዝ ስለሌለ ግን ሰሚው በራሱ ፍላጎት እንዲያሰማ የሚያደርገውን ምክንያት መፈለግ አለበት።

በኢንተርኔት ታሪክ ቀደም ብሎ ይህን ያሳየው ሆትሜይል የተባለው የኢሜይል አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 ሲጀመር ደንበኞቹ በሚልኩት ደብዳቤ ሁሉ ግርጌ፣ ተቀባዩም ነፃ የኢሜይል አድራሻ እንዲከፍት የሚጋብዝ አንድ መስመር ተጨመረ። ደብዳቤው የሚመጣው ከሚታወቅ ሰው በመሆኑ ግብዣው የወዳጅ ምክር ያህል ተቆጠረ። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ የተጠቃሚው ቁጥር 12 ሚሊዮን ደረሰ።

ሒሳቡ

ዘመቻ ይዛመት አይዛመት የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ አንድ ሰው በአማካይ ለስንት ሰው ይልካል፣ ከሚደርሳቸውስ ስንቱ በተራቸው ይልካሉ። ሁለቱ ሲባዙ የዘመቻው የመራባት መጠን ይገኛል። አንድ ሰው ለ8 ሰዎች ቢልክና ከሚደርሳቸው 10 ሰዎች አንዱ ብቻ መልሶ ቢልክ መጠኑ 0.8 ነው። በ100 ሰዎች የተጀመረ ዘመቻ በመጀመሪያው ዙር 80፣ በሁለተኛው 64 አዲስ ላኪ እያገኘ ይመነምናል፤ እስኪሞት ቢጠበቅ የላኪዎቹ ድምር ከ500 አያልፍም። ያው ሰው ለ12 ሰዎች ቢልክ ግን መጠኑ 1.2 ይሆናል። 100ው 120፣ ከዚያም 144 እየሆነ በአምስተኛው ዙር ብቻ ወደ 249 አዲስ ላኪ ያወጣል፤ ቀጣዩም ዙር ከዚያ ይበልጣል።

አብዛኛው ዘመቻ ከ1 በታች ነው የሚሄደው፤ ይህ ግን ኪሳራ አይደለም። በ0.8 የሚሄደው ዘመቻ ለ100 ሰዎች ከፍሎ 500 ላኪ አግኝቷል፤ እያንዳንዱ ላኪ ደግሞ ለስምንት ሰዎች አሳይቷል። ከ1 በላይ የሚሄደውም ለዘላለም አይሄድም። የሚተዋወቁ ሰዎች ሁሉ ካዩት በኋላ አዲስ ዓይን ያልቃል፤ በሳምንታት ውስጥ የሚሰለቸውም ለዚህ ነው። ስለዚህ «ቫይራል እናደርግልዎታለን» የሚል የማስታወቂያ ድርጅት ቃል የገባው ማንም በእርግጠኝነት ሊፈጽመው የማይችለውን ነው። ሊሠራ የሚችለው ሁለቱን ቁጥሮች ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፤ መላኩን ቀላል፣ መቀበሉን አስደሳች ማድረግ።

ሰው ለምን ይልካል

እ.ኤ.አ. በ2014 ኤ.ኤል.ኤስ. ለተባለው የነርቭ ሕመም ገንዘብ ለማሰባሰብ የተዛመተው የአይስ በኬት ቻሌንጅ ለትምህርት የሚመች ነው። ተሳታፊው በበረዶ የቀዘቀዘ ውሃ በራሱ ላይ ሲደፋ ይቀረጻል፤ ከዚያ ሌሎች ሰዎችን በስም ጠርቶ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲደፉ ወይም ገንዘብ እንዲሰጡ ይጋብዛል። የአሜሪካው የኤ.ኤል.ኤስ. ማኅበር በዚያ ሰሞን 115 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። የዘመቻው ኃይል በውሃው ውስጥ ብቻ አልነበረም። «ሁላችሁም ተሳተፉ» የተባለ ሕዝብ ዝም ሊል ይችላል፤ ስሙ በሰው ፊት የተጠራ ግን ዝም ማለቱ ራሱ መልስ ይሆንበታል። የጊዜ ገደቡም ነገ ዛሬ ማለትን ቆረጠ። ዘዴው ግን እንዳለ ተነሥቶ የትም አይተከልም፤ ውሃ በጄሪካን ተቀድቶ በሚመጣበት ቆላ አንድ ባልዲ ውሃ ለቀልድ ማፍሰስ የሚያስቀው ጥቂት ሰው ነው።

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ኃይል ያሳየው የሐምሌ 22, 2011 ዓ.ም. የችግኝ ተከላ ነው። መንግሥት በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታወቀ። የዕለቱ ማስታወቂያ በአብዛኛው የተሠራው በተካዮቹ ስልክ ነበር፤ አካፋ ይዞ ወይም ችግኝ አቅፎ የተነሣ ፎቶ በየፌስቡክ ገጹ ሞላ። የተከለው ሰው ፎቶ ያልተከለውን ያሳፍራል፤ ፎቶ አንሥቶ መለጠፍም ምንም አያስከፍልም። ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የጣና ጉዳይ በሁለት ቃላት ተዛምቶ ነበር። እምቦጭ በሐይቁ ላይ ከታየ ዓመታት ያለፉት ቢሆንም፣ ከኦሮሚያ የተነሡ ወጣቶች አረሙን ለመንቀል ባሕር ዳር በመጡ ጊዜ «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) የሚለው መፈክር ከማንኛውም የባለሙያ ሪፖርት ይልቅ ሰው አንቀሳቀሰ። ስለ አረም የሚያወራ መልእክት የሚልከው ለአረም የሚገደው ሰው ነው፤ ስለ ወንድማማችነት የሚያወራውን ግን ሁሉም ይልከዋል።

መላክና መክፈል ግን ይለያያሉ፤ ብዙ ዘመቻ ነዳፊዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሰኔ 29, 2010 ዓ.ም. በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጡ በፓርላማ ጥሪ ሲያቀርቡ ጥሪው በየቦታው ደረሰ። ቁጥሩ ለአፍ ይመቻል፣ ከማኪያቶ ዋጋ ያንሳል፣ ለመድገም ቀላል ነው። መቶ ሺህ ሰው ብቻ ዓመቱን ሙሉ ቢከፍል 36.5 ሚሊዮን ዶላር ይሆን ነበር። ለዚህ የተቋቋመው የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ የሰበሰበው ግን በጥቂት ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ነው። መልእክቱን ለማሻገር አንድ ጣት ይበቃል፤ ለመክፈል ድረ ገጽ መክፈት፣ የባንክ ካርድ ማውጣት፣ ቁጥር መሙላት ነበረበት። በእያንዳንዱ እርምጃ ሰው ይቀራል።

ክፍያው መልእክቱ ካለበት ቦታ ሳይርቅ ሲቀር ውጤቱ ይለወጣል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3, 2013 ዓ.ም. ካስጀመረ በኋላ በስልክ መክፈል መልእክት የመላክ ያህል ቀለለ። በ2017 ዓ.ም. ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዶንኪ ቲዩብ የዩቲዩብ ቻናሉ ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ያካሄደው የቀጥታ ስርጭት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ያሰባሰበው ይህ መንገድ ከተነጠፈ በኋላ ነው። የሰጪው ስም ይጠራል፣ ድምሩ በስክሪን ላይ ከፍ ይላል፣ የሚቀጥለው ሰጪ ከቀደመው ላለማነስ ይሻማል። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሕንፃ ማሠሪያ ጃንጥላ ለጨረታ ሲወጣ የሚታየው እልህ ያው ራሱ ነው፤ ዓውደ ምሕረቱ ብቻ ሰፋ።

የንግድ ድርጅቶች ዘመቻ ደግሞ ከመስጠት ይልቅ በሳቅና በጨዋታ ላይ ይመሠረታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በርገር ኪንግ ከፌስቡክ ጓደኞቹ አሥሩን ለሰረዘ ሰው አንድ ነፃ በርገር ሰጠ። ከ230 ሺህ በላይ ወዳጅነት ከተሰረዘ በኋላ ፌስቡክ ለተሰረዙት ሰዎች የሚሄደውን ማሳወቂያ አስቆመና ዘመቻው አበቃ። ዘመቻው ተንኮል አለበት፤ «ከበርገር አነስክ» የተባለ ሰው ለማን እንደሚያወራው አስቀድሞ የታሰበበት ነው። ኦልድ ስፓይስ የተባለው የወንዶች የንጽሕና ምርት እ.ኤ.አ. በ2010 የመረጠው ለዘብ ያለውን መንገድ ነበር። የማስታወቂያው ተዋናይ ሰዎች በትዊተርና በሌሎች ገጾች ለጻፉት ጥያቄ በስማቸው እየጠራ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከ180 በላይ አጫጭር ቪዲዮዎችን ሠራ። የተመለሰለት ሰው ቪዲዮውን ለወዳጆቹ ሳያሳይ አያድርም። እንዲህ ያለው ዘመቻ የሚጠይቀው ፈጣን ጸሐፊና የማይሰለች ተዋናይ ነው።

ገንዳ ውሃና ቆላው

ይህ ሁሉ በአንድ የቆላ ከተማ እንዴት እንደሚሠራ በገንዳ ውሃ እንይ። ገንዳ ውሃ በአማራ ክልል የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ሱዳኗ ገላባት በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች፣ ኑሮዋ በሰሊጥ፣ በጥጥ፣ በማሽላና በድንበር ንግድ ላይ የቆመ ከተማ ናት። ለማስታወቂያ ሠሪ አመቺም አስቸጋሪም ናት። የሚመቸው የሰዉ እንቅስቃሴ ነው። ሰሊጥ ደርሶ በጊዜው ካልታጨደ የፍሬው ከረጢት ተከፍቶ እህሉ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማና ቋራ ይወርዳል። ዋጋ፣ የሥራ ቦታ፣ የመኪና ወሬ በየቀኑ ይፈለጋል። እንዲህ ወሬ በሚጠማበት ሰሞን ጠቃሚ መልእክት ያለ ማንም ገፊ ይዞራል፤ ሥራው ሲያልቅም ሠራተኛው የሰማውንና በስልኩ የያዘውን ይዞ ወደ ሦስት አራት ዞኖች ይበተናል። የድሮው የገበያ ቀን አሠራር በወቅት ተራዝሞ እዚህ ይታያል።

የሚያስቸግረው የኢንተርኔት መስመሩ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ 43 በመቶ ከቀነሰ ወዲህ በመላ አገሪቱ የተጠቃሚው ቁጥር አድጓል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነበር። መቋረጡም ሌላ ጣጣ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው ቆዩ። ገደቡ በተነሣ በሳምንታት ውስጥ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰውም ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሽያጩን በቴሌግራም ቻናል ላይ ብቻ የመሠረተ ነጋዴ ይህን ሁሉ ጊዜ ሱቁን እንደ ዘጋ ይቆጠር ነበር።

ከዚህ የሚወጣው የቆላ ዘመቻ አዲስ አበባ ከሚነደፈው የተለየ መልክ ይኖረዋል። አንድ የገንዳ ውሃ ነጋዴ ለሰሊጥ መራገፊያ የሚሆን ሸራ ይሸጣል እንበል። ሰሊጥ ታጭዶ በነዶ ከታሰረ በኋላ ሂላ በሚባል ክምር ቆሞ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ነዶው ተዘቅዝቆ ይራገፋል። በባዶ መሬት ላይ ሲራገፍ ፍሬው ከአፈር ይቀላቀላል፣ በስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ነጋዴው «የኔ ሸራ ጥሩ ነው» ብሎ ቢለጥፍ የሚልክለት አያገኝም። ሁለት ነዶ በእኩል ጊዜ፣ አንዱን በመሬት ሌላውን በሸራ ላይ አራግፎ የወጣውን ፍሬ በሚዛን የሚያሳይ የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ቢሠራ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከዚያ ገበሬዎችን ይጋብዛል፤ በራሳችሁ ማሳ ሞክሩት፣ ቀርጻችሁ ላኩ፣ ከፍተኛውን ልዩነት ያሳየ ሸራ ይሸለማል። ማስታወቂያውን ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ገበሬዎቹ ናቸው። የጎረቤት ማሳና የጎረቤት ሚዛን ደግሞ ከየትኛውም ታዋቂ ሰው ምስክርነት ይበልጣል።

ዝርዝሩ ላይ ነው ብልሃቱ የሚለየው። ቪዲዮው ከጥቂት ሜጋባይት መብለጥ የለበትም፤ ከበደ በዳታ ዋጋ ምክንያት ሳይከፈት ይቀራል። መረብ በሌለበት ማሳ ሰው ፋይል በዜንደር መተግበሪያ ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ስለሚቀባበል፣ የሱቁ ስምና ስልክ ቁጥር በቪዲዮው ምስል ላይ መጻፍና በድምፅም መነገር አለበት፤ በልጥፉ ሥር ብቻ የተጻፈ አድራሻ ፋይሉ ሲሻገር ይቀራል። ማንበብ ለማይችል ሰው የድምፅ መልእክት ከጽሑፍ ይሻላል። ማን እንዳመጣው ለማወቅም የተራቀቀ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ሸራ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «ማን ላከህ?» ብሎ ጠይቆ በደብተር መጻፍና ብዙ ሰው ለላከው የአየር ሰዓት መላክ ይበቃል። ይህ ደብተር ከላይክ ቁጥር ይበልጥ ይታመናል፤ ላይክ ያደረገው ሰው ዱባይ ሊሆን ይችላል፣ በደብተሩ የተጻፈው ግን ገንዘብ ይዞ መጥቷል።

በክልሉ የዚህ ዓይነት አሠራር በትልቁ የሚታየው በጥምቀት ነው። ዩኔስኮ ጥምቀትን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት ከመዘገበው ወዲህ «ጥምቀትን በጎንደር» የሚለው ጥሪ በየዓመቱ በጥር ይነግሣል። የፋሲል መዋኛን ፎቶ የሚያሰራጨው በአመዛኙ በቦታው የተገኘው እንግዳ ነው። ሆቴሎች ለዚህ የሚያወጡት ከሚያገኙት አንጻር ትንሽ ነው፤ እንግዳው የተነሣውን ፎቶ ሲለጥፍ የሆቴሉን ስም እንዲጽፍ ምክንያት ቢሰጡት ደግሞ የበለጠ ባተረፉ ነበር።

ሲገለበጥ

መልእክት የሚያዛምተው መንገድ ተቃውሞንም ያዛምታል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በሄኒከን ሥር የነበረው በደሌ ቢራ የድምፃዊ ቴዲ አፍሮን የሙዚቃ ጉዞ ስፖንሰር ለማድረግ ተስማማ። በዚያው ሰሞን ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻዎች የተናገረው ነው የተባለ ቃል በአንድ መጽሔት ወጣ፤ ድምፃዊው አላልሁም ቢልም ቁጣው ቀደመ። በውጭና በአገር ውስጥ ያሉ የኦሮሞ አክቲቪስቶች በደሌ ቢራ እንዳይጠጣ በፌስቡክ ዘመቻ ከፈቱ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰውም ደገፈው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 መጀመሪያ ኩባንያው ከስፖንሰርነቱ ወጣ። ያኔ ደግሞ ከሌላው ወገን የድምፃዊው አድናቂዎች ተቆጡ። ኩባንያው ለታዋቂ ሰው ስም ሲከፍል ከስሙ ጋር የተያያዘውን ክርክር ሁሉ አብሮ ገዝቷል። ተቃውሞው ያሸነፈውም በአይስ በኬቱ ሕግ ነው፤ የተጠየቀው ነገር አንድ፣ ግልጽና ወጪ የሌለው ነበር፦ ይህን ቢራ አትጠጣ።

የአሳታፊ ዘመቻ አደጋ በሽልማቱም ይመጣል። ፔፕሲ እ.ኤ.አ. በ1992 በፊሊፒንስ በቆርኪ ላይ የታተመ ዕጣ አወጣ። ለአሸናፊው 1 ሚሊዮን ፔሶ የሚያስገኘው 349 ቁጥር ግን በስሕተት በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ቆርኪዎች ላይ ታትሞ ተገኘ። ኩባንያው ሙሉውን አልከፍልም ሲል አመፅ ተነሣ፤ ሰውም ሞተ። በኢትዮጵያ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ዕጣ የለመደ ሰው ታሪኩ ሩቅ አይመስለውም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ግብዣው ራሱ ሸቀጥ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በቴሌግራም የተዛመቱት ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት ስክሪን በመንካትና ጓደኛ በመጋበዝ ዲጂታል ገንዘብ ለማግኘት የሚያጓጉ ጨዋታዎች ነበሩ፤ በኢትዮጵያም ወጣቱ በሰፊው ተጫወታቸው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የሃምስተር ክፍያ ሲወጣ ብዙው ሰው የደረሰው ሳንቲም ነው። እነዚህ ቢያንስ ከተጫዋቹ ኪስ ገንዘብ አላወጡም። ሌሎች ግን መግቢያ አስከፍለው፣ የመጪውን ገንዘብ ለቀዳሚው እያከፋፈሉ፣ መጪው ሲያልቅ ይጠፋሉ። ከላይ የተሰላው ሒሳብ መጨረሻቸውን አስቀድሞ ይናገራል፤ የመራባት መጠኑ ከ1 ሲያንስ የሚከፈል ገንዘብ የለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል።

ሕጉ

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የወጣው ማኅበራዊ ሚዲያ በኢትዮጵያ ገና በጠባበት ጊዜ ነው፤ ሆኖም የኢንተርኔት ድረ ገጽን ከማስታወቂያ ማሰራጫዎች ቆጥሮታል። ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን፣ የሌላውን ምርት ማንቋሸሽንም ይከለክላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣ ወዲህ ቢራ ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ኮንሰርት፣ ወደ ስፖርትና ወደ ማኅበራዊ ገጾች አዙረዋል። ከተሳታፊ ስም፣ ስልክና ፎቶ የሚሰበስብ ዘመቻ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይገዛል፤ ለሸራ ውድድር የተላከን የገበሬ ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ዓላማ ማዋል ያስጠይቃል። በዕጣ የሚሸልም ድርጅት ደግሞ የመጀመሪያውን ልጥፍ ከማውጣቱ በፊት ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ማግኘት፣ የሽልማቱን ብዛትና የመዝጊያውን ቀንም በዚያው ልጥፍ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።